የጋሽ ሳህለ የፊት መስታወት

ጋሽ ሳህለ ለመኪናቸው የሚያደርጉትን ግማሹን ለራሳቸው ቢያደርጉ ኖሮ ሮም ውስጥ እንደሳቸው ጤነኛ ሰው ባልተገኘ ነበር። ዘይቱን ጊዜው ሳይደርስ ይቀይራሉ። የጎማውን ነፋስ በየሳምንቱ ያስለካሉ። የባትሪውን ጫፍ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋሉ፤ ብሩሹም እሳቸው ጥርሳቸውን ከሚቦርሹበት የተሻለ ነው።

ሮም አራት ወቅት አላት፤ አራቱም መኪና ላይ ይዘምታሉ። በመኸር የወንዙ ዳር ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የውሃ መውረጃ ይደፍናሉ። ብርዱ ሲገባ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚያድረው የወፍ መንጋ ኩሱን ከላይ ያወርዳል፤ ቶሎ ካልታጠበ ቀለም ይበላል። ጸደይ የአበባ ብናኝ ነው። በበጋ ሙቀቱ የዝናብ መጥረጊያውን ጎማ ያደርቃል፤ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ፣ ከእኛው አህጉር፣ የተነሳ አቧራ ከዝናብ ጋር ይወርድና መኪናውን ሁሉ ጭቃ ያደርገዋል። ጋሽ ሳህለ የወፉን እየተራገሙ ነው የሚያጥቡት። አቧራውን ግን ዝም ብለው ያጥባሉ፤ የአገር ሰው አይሰደብም።

ዕድሜያቸውን የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፖርቲዬሬ ሆነው በር ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ ሚስታቸው አረፉ። ጋሽ ሳህለ ከዚያ በኋላ ቤታቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ ብርዱ አልፎ ሰው ሁሉ ካፖርቱን እስኪያወልቅ ድረስ ከደጅ አልወጡም። አንድ ቀን እማማ አብረኸት ደወሉላቸውና ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ እሁድ እሁድ ቅዳሴ የሚያደርሰኝ አጣሁ አሏቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ጋሽ ሳህለ ቆማ የከረመችውን ፓንዳ መኪናቸውን ወለወሉና አደረሷቸው። በሚቀጥለው እሁድ የእማማ አብረኸት ጓደኞች፣ እትዬ ወርቅነሽና እትዬ ኣስገደት ተጨመሩ። ሦስቱም ዕድሜያቸውን የሰው ቤት ሲያጸዱና የሰው ሽማግሌ ሲጦሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ጋሽ ሳህለ እሳቸው ከቀሩ እነዚህ ሴቶች ቅዳሴ እንደሚያመልጣቸው አመኑ፤ ይህን ካመኑ ወዲህ ማልደው መነሳት ጀመሩ።

ልጃቸው ዳኒኤላ ግን መኪናዋ እንድትሸጥ ትፈልጋለች። አባቷ እያረጁ ነው፣ መኪናዋም አርጅታለች፣ ሁለቱ አንድ ላይ መንገድ ላይ ሲወጡ ትፈራለች። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ጋሽ ሳህለ ቃል ገቡ። መኪናዋ የዘንድሮን ሬቪዚዮኔ፣ ያንን የመንግሥት ምርመራ፣ ካላለፈች ይሸጧታል። ቃሉን የገቡት ኮራ ብለው ነበር፤ ፓንዳዋን ያውቋታላ።

ከሴቶቹ አንድ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ሴቶቹ ግን ባዶ እጃቸውን መሄድ አልቻሉም። መጀመሪያ እማማ አብረኸት ትንሽ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አምጥተው በገዛ እጃቸው የፊት መስታወቱ ላይ ለጠፉ። ቀጥሎ እትዬ ወርቅነሽ ጊዮርጊስን አመጡ። እትዬ ኣስገደት እመቤታችንን ከነልጇ አመጡ። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ሥዕል ይጨመራል። ጋሽ ሳህለ ልባቸው ተነካ። እንዲህ ያለ ውለታ የሚያውቅ ሰው በዚህ ዘመን አለ ወይ እያሉ በቀረው ክፍተት አጮልቀው ይነዳሉ።

ዘንድሮ ግን መስታወቱ ይደበዝዝባቸው ጀመር። የመንገድ መብራቶች ዙሪያቸውን የብርሃን ፀጉር አበቀሉ። ጋሽ ሳህለ የዝናብ መጥረጊያውን ቀየሩ። አልጠራም። ውድ የሚባለውን መጥረጊያ ገዝተው እንደገና ቀየሩ። መስታወቱን በኮምጣጤ አጠቡ፣ በጋዜጣ ወለወሉ። የፊት መብራቶቹን በጥርስ ሳሙና አሹ፣ አምፖል አስለወጡ። በየጊዜው ለአንድ ቀን የጠራ ይመስላቸዋል፤ በማግስቱ ጭጋጉ ተመልሶ ይመጣል። የሮም አየር ተበላሽቷል ብለው ደመደሙ።

የምርመራው ቀን ደረሰ። መርማሪው ኤንሪኮ የቆየ ወዳጃቸው ነው። ፍሬኗን ለካ፣ ጭሷን አየ፣ ከሥሯ ገብቶ በእጅ ባትሪ ተመለከተ። አዲስ መኪና እንኳ እንዲህ አይያዝም አለ። ጋሽ ሳህለ እንደ ሙሽራ አባት ቆመው ሰሙ። ከዚያ ኤንሪኮ የፊት መስታወቱ ጋ ደረሰና ቆመ። ይህን ሁሉ ቅዱስ ይዛ ማለፍ አትችልም፣ ሕጉ ነጂው መንገዱን ማየት አለበት ይላል፣ አንስተህ ተመለስ አለ። ሊረዳቸውም ምላጭ አወጣ። እመቤታችንን ትንሽ አያትና ምላጩን ወደ ኪሱ መልሶ ይህ የቤተሰብ ሥራ ነው አለ።

ጋሽ ሳህለ ይናደዳሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እሳቸው ግን ተገላገሉ። አሎራ፣ እንግዲያው የጭጋጉ ምክንያት ተገኘ። ቅዱሳንን መወንጀል ስለሚከብድ ይህን ያሰቡት ቀስ ብለው ነው።

ቄሱ ጋ ደውለው ጠየቁ። ቄሱ ስለ መኪና መስታወት የተጻፈ ነገር አላውቅም፣ በጸሎትና በክብር ይነሱ አሉ። ጋሽ ሳህለ የዳኒኤላን ፀጉር ማድረቂያ ወሰዱ፣ ገመዱን በመስኮት አስወጡ፣ በየሥዕሉ አንዳንድ አባታችን ሆይ እየደገሙ ሙጫውን በሞቀ አየር አለሰለሱ። አንዲት ጎረቤት ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቀች። ሚካኤልን እያሞቅሁ ነው አሏት። ሥዕሎቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ቤት ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጡ። ፓንዳዋ ምርመራውን አለፈች። ዳኒኤላ ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን፣ ብላ ተቀበለች።

እሁድ ጠዋት ሴቶቹን እንደ ወትሮው ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው መንገድ ላይ ተቀበሏቸው። ሦስቱም ገብተው መስታወቱን አዩ። ጋሽ ሳህለ ነገሩን አስረዷቸው። ከኋላ እትዬ ወርቅነሽ ከዚህ በፊት ነክተውት የማያውቁትን ቀበቶ አሰሩ። እትዬ ኣስገደት ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ከፊት የተቀመጡት እማማ አብረኸት የበሩን መያዣ ጨበጡ።

ሰማዩ የጠራ ነበር። መስታወቱ ላይ አንድ ነጥብ የለም። ጋሽ ሳህለ የተርሚኒን ጣቢያ ዞረው ትንሽ እንደሄዱ ጭጋጉ እዚያው ቦታው ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ከፊታቸው ያለው ሰማያዊ የመንገድ ምልክት ሰማያዊነቱ ብቻ ታየ፤ ፊደል የለበትም። መስታወቱን ከውስጥ በእጃቸው ጠረጉት፤ ደረቅ ነው። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ሌላውን። መኪናዋን ቀስ አድርገው ጥግ አስያዙና ሞተሩን አጠፉ።

እማማ አብረኸት ምን ሆነች ብለው ጠየቁ።

«መኪናዋ ምንም አልሆነችም» አሉ ጋሽ ሳህለ። «ዓይኔ ነው፣ እማማ። አያይም።»

ድንጋጤ ጠብቀው ነበር። የደነገጠ የለም።

«እናውቃለን» አሉ እማማ አብረኸት። «ሚካኤልን ለምን የለጠፍኩ መሰለህ? ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ቀዩን መብራት ዝም ብለህ አለፍከው። እኔም ከአንተ ጋር የሚያይ ይኑር ብዬ ነው።»

ጋሽ ሳህለ ሌሎቹን በኋላ ማያው መስታወት ተመለከቱ። እትዬ ወርቅነሽ አንገታቸውን ደፉ። ጊዮርጊስም፣ እመቤታችንም፣ በየበዓሉ የተለጠፈው ሁሉ፣ አንዱም የውለታ አልነበረም።

«እያወቃችሁ ለምን ትሳፈራላችሁ?» አሉ። «ቅዳሴ ቢቀር እግዜር ይረዳችሁ ነበር እኮ።»

«ቅዳሴማ በባቡር ይደረሳል። ጣቢያው ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው» አሉ እማማ አብረኸት።

ያ የጣቢያ ሕንፃ ለጋሽ ሳህለ ሁልጊዜ ትምህርት ቤት ይመስላቸው ነበር።

«የምትቀረው አንተ ነህ» ቀጠሉ እማማ። «ሚስትህን ቀብረህ በርህን ስትዘጋ አየንህ። ሰው ካልፈለገህ የምትወጣ አልመሰለንም።»

ጋሽ ሳህለ አፈሩ። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ደስታ ነበረ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚደረግ ስለማያውቁ መሪውን አጥብቀው ያዙ። ዓይናቸው ሲረጥብ ማንም አላየባቸውም፤ ሦስቱም ሴቶች ሆን ብለው በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። በመጨረሻ ስልካቸውን አወጡና ለእማማ አብረኸት ሰጧቸው፤ ቁጥሩ አይነበባቸውም። ዳኒኤላ ስታነሳ መኪናዋ ያለችበትን መንገድ ነገሯትና መጥታ እንድትወስዳት ጠየቋት።

«አንተስ፣ ፓፓ?» አለች። ሦስቱ ሴቶች ከመኪናዋ ወርደው ጥጉ ላይ ቆመዋል።

«እኔ በባቡር ነው የምሄደው» አሉ ጋሽ ሳህለ። «ይጠብቁኛል።»