ወንድሜን ያለ እንባ ቀበርኩት

ወንድሜን የቀበርኩት ደረቅ ዓይን ይዤ ነው። ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይኼ አይረሳኝም።

ዕድሜዬን ሙሉ ግንበኛ ነበርኩ። ላፍቶ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሁሉ እርሻ ሳለ ጀምሮ ድንጋይ ጠርቤአለሁ። ጉልበቴ ሲደክም ሥራ ተውኩ፤ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር አስጠላኝ። ምግብ አፈር አፈር አለኝ። ከአልጋ መነሣት ራሱ እንደ ሥራ ከበደኝ። ልጄ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሐኪሟ በዕድሜ የልጅ ልጄን የምታክል ናት።

«አባባ፣ ይኼ የድብርት መድኃኒት ነው። እንደ ራስ ምታት ኪኒን ሲያምዎት ብቻ አይዋጥም፤ በየቀኑ ነው።»

«ነገ ይሻለኛል?»

«ነገማ አይሆንም። ሳምንታት ይፈጃል። መጀመሪያ ሊያቅለሸልሽዎት ይችላል፣ እንቅልፍም ይረብሻል፤ እንዳይተዉት።»

አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያቀባብል ሴሮቶኒን የሚባል ነገር አለ አለችኝ። ኪኒኑ እሱ ቶሎ ተመልሶ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደሚያሽል ሐኪሞችም አጥርተው አያውቁትም አለችኝ። ይኼን ማለቷን ወደድኩላት። መጠበቁ ግን በራሴ ሥራ ነው የገባኝ፤ ኮንክሪት ዛሬ ተሞልቶ ነገ ጣውላው አይፈታም። ውኃ እያጠጣህ ትጠብቃለህ።

ጠበቅሁ። እውነትም ምግብ ጣመኝ። በር ላይ ወጥቼ ከታክሲ ረዳቶች ጋር መጨቃጨቅ ጀመርኩ።

ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ሞተ፤ አብሮኝ ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረው። ፉሪ፣ ታላቅ እኅታችን ደጅ፣ ድንኳን ተጣለ። ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፤ ወንዶቹ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ቆሜአለሁ። ሐዘኑ አለ፣ እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጧል፤ እንባው ግን የለም። ዓይኔን ጨመቅሁት፣ እምቢ አለ። የውሸት ማልቀስ ደግሞ አልችልበትም። እኅቴ አየችኝ።

«አንተ! ድንጋይ ስትጠርብ ኖረህ ድንጋይ ሆነህ አረፍከው? ለእሱ እንኳ እንባ ትሰስታለህ?»

ከዚያ ወዲህ ቤቷ ስሄድ ፊቷን ታዞርብኛለች።

ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። «ኪኒንሽን ውሰጂና እንባዬን መልሽልኝ» አልኳት።

አልሳቀችም። «አንዳንድ ሰው ላይ ስሜት ያደነዝዛል፣ አባባ። በአንዴ ካቆሙት ያዞርዎታል፣ በሽታውም ሊመለስ ይችላል። ቀስ እያልን እንቀንሰው።»

«ዛሬውኑ ይቁም!»

«እሺ ካላሉኝ ለልጅዎ እደውላለሁ።»

ተሸነፍኩ። ከዚያው ፉሪ ወረድኩና ለእኅቴ ሁሉን ነገርኳት።

«እንባ የሚያደርቅ ኪኒን? በሞተ ወንድምህ ትዋሻለህ?»

ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችው። ያኔ ነው እኔም ደህና አድርጌ ያየኋት፤ ከስታለች፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል፣ ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ደግሞ ማቆም አቃተኝ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እስቲ አንዷን ስጠኝ።»

«የሰው መድኃኒት አይዋጥም፣ እትዬ። ሐኪሟ ትይሽ።»

«እንደ አንተ ልደርቅ?»

«ሁሉም ላይ እንዲህ አይሆንም። ከሆነብሽም ቶሎ ንገሪያት። እኔ የነገርኳት ከቀብር በኋላ ነው።»

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው አብረን ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ የወንድማችንን ስም እየጠራች አለቀሰች። ነጠላዋ ሲወድቅ እያነሣሁ ትከሻዋ ላይ መለስኩላት። ሰው ዞሮ ያየናል። እኔም ስሙን በልቤ ጠራሁት፤ ዓይኔን በእጄ ነካሁት፣ ደረቅ ነው።