የገመቹ መኪና መብራት

ከሰበታ የወጣሁት ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ በታላቅ ወንድሜ በገመቹ ሚኒባስ ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ጊዜ ነበር፤ ቡራዩም ሱሉልታም ሰላም የለም፣ የእኛም መንገድ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል። እኔ ዱባይ አጠገብ፣ ሻርጃ ጋራዥ በመካኒክነት ልቀጠር፣ እሱ ቦሌ አድርሶኝ ብቻውን ሊመለስ። ዓለም ገናን ሳናልፍ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራች።

«አጥፋልኝ» አለኝ ዳር ይዞ። እኛ አገር መካኒክ ጋ የሚመጣ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከብልሽቱ ይልቅ መብራቱ ነው የሚያስጨንቀው።

የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ስካነሬን ከሻንጣ አውጥቼ መኪናው ላይ ሰካሁ። ኮዱ በ«ሲ» ይጀምራል። «ፒ» ቢሆን ሞተር ወይም ካምቢዮ ነው፣ «ቢ» ቢሆን የበርና የኤርባግ ጣጣ። «ሲ» ግን የፍሬንና የመሪ ሰፈር ነው። የተበላሸው የኋላ ጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ነበር።

«ፍሬኑ ይይዛል፤ በኃይል ከረገጥከው ግን ጎማው ተቆልፎ ያንሸራትትሃል። ባጠፋትም ተመልሳ ትበራለች» አልኩት።

«እሺ፣ በቀስታ እይዛለሁ። አንተ ብቻ አውሮፕላኑ እንዳያመልጥህ።»

ወደፊት መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ወጣቶች ቆመዋል። ገመቹ በኦሮምኛ ለመናቸው፤ «ኦቦሌሳ ኮ» እያለ፣ ወንድሜ ነው እያለ ወደ እኔ ጠቆመ። አሳለፉን። ሲመለስ ግን ጨለማ ነው፤ ድንጋዩን ድንገት አይቶ ፍሬኑን በኃይል ቢረግጥስ? ከዚያ ወዲያ ልቤ አላረፈም።

ሻርጃ ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ የሰበታ ብርድ ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር። አከራዬ «መስኮት አለው» ብሎ ነው ያስገባኝ። የታለ ስለው «ኤሲው የተወተፈበት» አለኝ።

የገመቹ ስልክ አይሠራም። የሰበታ ጎረቤቶቻችንም ያው።

አንድ ቀን ኮዷ በ«ዩ» የሚጀምር መኪና መጣች፤ የካምቢዮው ኮምፒውተር መልስ አይሰጥም። «ሞቷል፣ ይቀየር» አልኩ።

ሙዲሩ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ተቆጣኝ። «ዩ ማለት የግንኙነት ችግር ነው። እንደሞተ በምን አወቅክ? ድምፁ ነው ያልደረሰህ። መጀመሪያ መስመሩን ፈትሽ።»

እውነትም የሽቦው መጋጠሚያ ላልቶ ነበር። ግሪሱን ከእጄ ሳላስለቅቅ ወጥቼ ደወልኩ። አልሠራም። በማግስቱም ደወልኩ፣ በሌላውም ቀን። እንዲያ ስል ሰንብቼ አንድ ቀን ከሰዓት ጠራ።

«አንተ ነህ? ኔትወርክ ዘግተውብን ነው እኮ!»

አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ። «መብራቷስ?» አልኩት።

«እንደበራች ናት። ሌላ መካኒክ ላጥፋልህ ቢለኝ እምቢ አልኩት። አንተ እስክትመጣ በቀስታ ነው የምይዘው።»

መቼ እንደምመጣ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።