ከጎባ የወሰድነው ግንብ

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣበት ዓመት ሮቤ ውስጥ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ከሥራ ስወጣ ከጓደኛዬ ጋር ጌም እንሠራለን። እሱ በኮምፒውተር ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነበር፤ ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ ቤቱንና መንገዱን እሠራለሁ። ጌማችን ቀላል ነው። አንድ ሚኒባስ ከዲንሾ ተነስቶ በሮቤና በጎባ ያልፍና ተራራውን አቋርጦ ሪራ ድረስ ተሳፋሪ ያደርሳል።

ያስቸገረን ላፕቶፑ ነው። የጎባን የድንጋይ ግንብ እያንዳንዱን ድንጋይ ቀርጬ ሳስገባ፣ ሚኒባሱ እየተንቀጠቀጠ ይቆማል። ድንጋዮቹን አውጥቼ በልሙጥ ግድግዳ ላይ ፎቶ ብለጥፍበት መኪናው ይሄዳል፣ ግንቡ ግን ፖስተር ይመስላል። መላውን ያመጣው ጓደኛዬ ነው። ግድግዳው ልሙጥ እንደሆነ ይቀራል፤ ከፎቶው ጋር ግን ኖርማል ማፕ የሚባል ሌላ ሥዕል ይያያዛል። ይህ ሥዕል እያንዳንዷ ነጥብ ፊቷ ወዴት እንደዞረ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ወደ ፀሐይ የዞረችው ትበራለች፣ ፊቷን የመለሰችው ትጨልማለች። የሌለ ድንጋይ ጎልቶ ይታያል።

ሥዕሉን ለማግኘት አንድን ግንብ ከአንድ ቦታ ሆኖ፣ የፀሐዩ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ማንሳት ያስፈልጋል። ጎባ ሄደን አንድ የቆየ ግንብ መረጥን። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለደመነ በማግስቱ ተመለስን። ከግንቡ ጀርባ ያለው ግቢ ባዶ መጋዘን መስሎን ነበር። ወታደሮች ሰፍረውበት ኖሯል።

"ምን እያነሳችሁ ነው?" አለ አንዱ፣ ካሜራዬን ከእጄ እየነጠቀ።

"ድንጋዩን" አልኩት።

ጓደኛዬ አብሮት ለነበረው የአካባቢው ሚሊሻ በኦሮምኛ ሊያስረዳ ሲጀምር ወታደሩ ጮኸበት። "በአማርኛ ተናገር!"

ጣቢያ ወሰዱን። መርማሪው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም ያው ግንብ ነው።

"ትናንትም መጥታችኋል። አንድ ግድግዳ ይሄን ያህል የሚነሳው ለምንድነው?"

"ጥላው ስለሚለያይ ነው ጌታዬ" አልኩ። እውነቱን እየተናገርኩ ውሸታም መምሰሌ ለራሴም ታወቀኝ።

ከዚያ የጓደኛዬን ስልክ ከፈቱት። እንደ ተቃውሞ ሰልፈኞቹ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ያጣመሩ የሰፈር ልጆች ፎቶ ተገኘበት። በማግስቱ እኔ ተለቀቅሁ፤ እሱ ቀረ።

እናቱ ሮቤ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ። ከገበያ ቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተን ሲለቁህ እሱን ለምን አስቀሩት?"

"አላውቅም እናቴ።"

"ግድግዳ ሲያነሱ ነው የተያዙት ይላሉ። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? እስቲ አሳየኝ፣ እኔም ልየው።"

ካሜራውን ቢወስዱትም የመጀመሪያው ቀን ፎቶዎች ላፕቶፑ ላይ ነበሩ፤ ከእነሱ የቻልኩትን ሠርቼ ነበር። ግንቡን ከፍቼ ብርሃኑን በማውሱ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰድኩት። ጥላው በድንጋዮቹ መሀል ተንሸራተተ። እናቱ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ለስላሳ ነው" አሉ።

"አዎ እናቴ። እውነተኛ ድንጋይ የለበትም፤ ብርሃኑ ነው እንዲያ የሚያስመስለው።"

"ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"ያ አላህ" አሉና ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሳይሰናበቱኝ ወጡ። እኔም ብርሃኑን ካቆምኩበት ሳልነካው ብዙ ተቀመጥኩ።

ጓደኛዬ የተመለሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ፀጉሩ ተላጭቷል፤ ከስቷል። የት እንደነበረ አልነገረኝም። ደስ እንዲለው ብዬ ጌሙን ከፈትኩለት። ሚኒባሱ በግንቡ አጠገብ አለፈ። ጠጋ ብሎ አየና ድንገት፣

"ገልብጠኸዋል" አለኝ።

"ምኑን?"

"ላይና ታቹን። ፀሐዩ ከላይ ነው፣ ድንጋዮቹ ግን ከታች ነው የበሩት። ጎባጣው ሁሉ ጎድጓዳ ሆኗል።"

እውነቱን ነው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ሳየው አልታየኝም ነበር። እንደ ድሮው ስላረመኝ ደስ አለኝ። "አንተው አስተካክለው" ብዬ ላፕቶፑን ገፋሁለት። እጁን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። ያኔ አንድ መኪና መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮች ነበሩ። እሱ ግን እጁን ስቦ ተነስቷል።

"ሌላ ጊዜ" አለኝና በጓሮ በር ወጣ።

ሌላ ጊዜ አልመጣም። ሲናና ወረዳ፣ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ስንዴ ማረስ ጀመረ። ስህተቱን እኔው አረምኩት፤ ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የጌሙን መንገድ ከጎባ አሳልፌ ወደ ተራራው መቀጠል አቃተኝ፤ እጄ እሺ አላለኝም።

አሁን ገበያ ስንገናኝ ተቃቅፈን ሰላም እንባባላለን። ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ያወራልኛል። በታሰረበት ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁትም። እሱም ስለ ጌሙ ጠይቆኝ አያውቅም።