የተጨመረው ውሃ

ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያሳምር የኖረ ፎቶ አንሺ ነው። ጠባብ ስቱዲዮው የገባ ሰው ብጉሩንና ጠባሳውን እዚያው ጥሎ ይወጣል። የመታወቂያ ፎቶ እንኳ ሳይነካካ መስጠት አይሆንለትም። እሁድ እሁድ ደግሞ ከከተማው በታች ወዳለው ፏፏቴ ይወርዳል። ፏፏቴው የእሱ የግል ንብረት ይመስለዋል።

ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አስተማሪው ታናሽ ወንድሜ ካሜራ ገዛ። በሦስተኛ ወሩ ያነሳውን ፏፏቴ ሳይ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ውሃው ከገደሉ ሲወረወር ድምፁ ሁሉ የሚሰማ ይመስላል። ባለቤቴ ፎቶውን አገላብጦ አየና፣

"ካሜራው ጥሩ ነው" አለ።

ያን ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ወንድሜ "ጋሼ" እያለ ሲመጣ ፊቱን ያዞር ጀመር።

በዚህ መሀል አንድ ድርጅት ወንዙን ጠልፎ በቧንቧ ልውሰድ ብሎ ለወረዳው አመለከተ። "በበጋማ ፏፏቴው ጠብታ ነው፤ ማንም ምንም አይጎድልበትም" አለ። የሰፈሩ ኮሚቴ በበጋም ውሃ መኖሩን የሚያሳይ ፎቶ ፈለገ። ባለቤቴም ወንድሜም በአንድ ቀን ወርደው አነሱ። ባለቤቴ የወንድሜን ፎቶ ሲያይ እርር ድብን አለ። ሁለት ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ተተከለ።

"ምን እየሠራህ ነው?" አልኩት።

"ትንሽ ላስተካክላት ነው።"

እኔም የለመደበት ነው ብዬ ተውኩት።

ውሳኔ ሊሰጥ በተሰበሰብንበት አዳራሽ የወረዳው ጉባኤ ሰብሳቢ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረጓቸው።

"በአንድ ቀን የተነሱ ናቸው ተብሏል። እዚህኛው ላይ ያለው ውሃ እዚያኛው ላይ የለም። የትኛውን እንመን?"

የድርጅቱ መሐንዲስ ሳቀ። "ፏፏቴውም ስቱዲዮ ገብቶ ነበር ማለት ነው! ሁለቱም ውድቅ ይደረጉልን።"

ወንድሜ ነገሩ ገብቶታል። አንገቱን ደፋ። አንድ ቃል ቢናገር የራሱ ፎቶ ይድን ነበር፤ የእህቱን ባል በሰው ፊት ከሚያዋርድ ግን ወንዙን ሊያጣ ነው።

ባለቤቴ ወደ ወንድሜ አየ። ከዚያ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

"ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የእሱ አልተነካም፤ ፏፏቴው ልክ እንደዚያ ነው።"

"ለምን ጨመሩ?" አሉ ሰብሳቢው።

"የእሱ ስለበለጠብኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም፤ የወንድሜን ፎቶ ከመዝገቡ ጋር አያያዙና ውሃው በቦታው እስኪለካ ሥራው እንዳይጀመር አዘዙ።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ይከተለናል። መታጠፊያው ላይ ባለቤቴ ቆመና ጠበቀው። ለወራት አፉ ላይ የነበረውን ጥያቄ ያን ጊዜ አወጣው።

"የት ቆመህ ነው ያነሳኸው?"