የፕሉቶ ቦታ

ባለፈው ሳምንት ከሞጆ ወደ አዳማ በሚኒባስ ስመለስ ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ከኔፕቱን ማዶ፣ ፀሐይን አንዴ ለመዞር ብዙ መቶ ዓመታት የሚፈጅባት ትንሽ በረዷማ ዓለም ተገኘች ይላል። ጋዜጠኛው "ፕሉቶን እንኳን አታክልም" ሲል የትምህርት ቤታችን ግቢ አቧራ አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ቲቸር ደምሴ ትዝ አሉኝ።

አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተምሩን ነበር። ረጅም፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ፣ ሸሚዛቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይታይ ሰው ነበሩ። ተማሪው ይወዳቸዋል፤ ሰማዩን ግቢ ውስጥ ይዘረጉልን ነበርና። ግራሩ ሥር አየሩ የጎደለ ኳስ ያስቀምጡና "ይህ ፀሐይ ነው" ይላሉ። ጁፒተር የሆነው ልጅ ብርቱካን ይይዛል፣ መሬት የሆነው ሽምብራ። ለፕሉቶ የጤፍ ፍሬ ነበረች፤ እሷን የሚሰጡት ሁልጊዜ ለእህቴ ለከድጃ ነው።

ከድጃ በዓመት ትበልጠኛለች፤ የምንማረው ግን አንድ ክፍል ነበር። ስትናገር ምላሷ ይያዛል። ቲቸር ደምሴ ጥያቄ ሲኖራቸው እሷን ያስነሳሉ። ኔፕቱን ልትል ስትታገል "ኔ... ኔ... ኔ..." እያሉ እንደ እሷ ይንተባተባሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ግቢ ስንወጣ ደግሞ "ፕሉቶ፣ ቦታሽ!" ይሏታል። ቦታዋ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ የቆርቆሮው አጥር ጥግ ነበር። እኛ ጥላ ውስጥ ስንማር እሷ የአዳማ ፀሐይ አናቷን እየበሳት፣ ንፋሱ ጤፏን እንዳይወስድባት መዳፏን ጨብጣ ትቆማለች። ትምህርቱ እዚያ ድረስ አይሰማም።

ማታ ግን ፍራሽ ላይ ጋደም ብለን "እ... እኔም እኮ ፕላኔት ነኝ" ትለኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል በገባን ሰሞን ቲቸር ደምሴ እየሳቁ ገቡ። ሳይንቲስቶች ፕሉቶን ከፕላኔቶች ተራ ማውጣታቸውን ሰምተዋል።

"ፕሉቶ ተሰርዛለች!" አሉና ወደ ከድጃ ዞሩ። "አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ውጪ!"

ክፍሉ ሳቀ። ከድጃ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየቻቸው፤ መልሰው እንዲጠሯት የጠበቀች ይመስለኛል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው መጻፍ ጀምረው ነበር።

በማግስቱ አልሄድም ብላ አለቀሰች። እናታችን እጇን ይዛ ወሰደቻት። ቲቸር ደምሴ በሩ ላይ ተቀበሏቸው።

"ቀልድ እኮ ነው፣ እናቴ። ግን እውነቱን ልንገርዎት? ይቺ ልጅ ትምህርት አይሆናትም። ቤት ውስጥ ሙያ ያስተምሯት።"

እናቴ መምህር አይሳሳትም ብላ የምታምን ሴት ነበረች። ከድጃን ይዛት ተመለሰች።

አሁን ከድጃ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። አምና እኔ እዚያው እያለሁ አንድ ሽበታም ሰው ገብተው ተቀመጡ። ቲቸር ደምሴ ነበሩ። አላወቋትም። ሻዩን ፉት ብለው "እንዴት ያለ ሻይ ነው! ማን አስተማረሽ ልጄ?" አሏት።

"እ... እና... እና..." ብላ ቀረች።

ፈገግ አሉ። "ቀስ በይ እንጂ፣ ማንም አያባርርሽም።"

ልናገር ብድግ ስል ከድጃ ትከሻዬን ተጭና አስቀመጠችኝ። ባዶውን ብርጭቆ ተቀብላቸው ማጠብ ጀመረች።

ዘንድሮ ልጇ አንደኛ ክፍል ገባች። ለምዝገባ አብረን ነበር የሄድነው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ከድጃ የልጅቷን እጅ እጄ ላይ አስያዘችኝ።

"አ... አንቺ አስገቢያት" አለች።

አስመዝግቤ ስንወጣ ከመንገዱ ማዶ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጋ ሆና ትጠብቀን ነበር።