መስመሩ ላይ የወደቀው ሰባት ቁጥር

አቃቂ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ የፋብሪካ አንጸባራቂ ሰደርያዬን እንደለበስኩ ሱዶኩ የሚባለውን በሳጥን ቁጥር የሚሞላበት ጨዋታ እሞላለሁ። ተራው ሱዶኩ አይደለም፤ በሳጥኖቹ ላይ መስመር ያልፋል፣ መስመሩ የነካቸው ቁጥሮች ተደምረው ሃያ መሆን አለባቸው። የኔ ሃያ ሁለት እየመጣ አናቴ ዞሯል።

ከኋላዬ የቆሙ እናት ወረቀቱን አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆዩና፣ «ኢንጂነር፣ ሊሠራ ነው የተባለው መንገድ በሰባት ቁጥር ላይ ነው እንዴ የሚያልፈው?» አሉኝ በቀስታ። «የኔ ቤት እኮ ነው። በማርያም፣ ከመስመሩ አውጣልኝ።»

«እማማ፣ ይሄ ጨዋታ ነው» ብል ማን ሊሰማኝ። እንባቸው ሲመጣ ጊዜ ሰባትን አጥፍቼ አምስት ጻፍኩ። ድምሩ ልክ ሃያ መጣ።

ደንግጬ ቀና ስል እሳቸውም አምስቷን እያዩ ነው።

«አምስት ቁጥርስ የማን ቤት ነው?» አልኳቸው።

«የምራቴ» አሉ ረጋ ብለው። «ግድ የለም፣ ይፍረስ። ልጄ እኔ ጋ ይገባል።»