የባዬ የጣባ ላይ ደን

ባዬ ፀጉር አስተካካይ ነው። እንጅባራ ውስጥ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ፀጉር ቤት የእሱ ናት። እጁ ጥሩ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ችግሩ ግን ራስህን እስከ ግማሽ ያስተካክልና መቀሱን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። መስኮቱ ላይ፣ የሸክላ ጣባ ውስጥ፣ ክንድ የማታህል ጥድ ተቀምጣለች። አንዲት ቅጠል ይቆርጥላታል፤ ራቅ ብሎ ያያታል፤ ጣባዋን ትንሽ አዙሮ እንደገና ያያታል። አንተ ግማሽ ጎፈሬ ሆነህ መስታወት ውስጥ ከራስህ ጋር ትፋጠጣለህ። ጎረቤቱ ስለሆንኩ በትዕግሥት ችዬዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ በየጊዜው ጮኼበታለሁ።

ነገሩን ያመጣው አንድ የቀን መቁጠሪያ ነው። ደንበኛው ከአዲስ አበባ ይዞለት የመጣ፣ በየወሩ አንድ የጃፓን ዛፍ ሥዕል ያለበት። ዓመቱ አለቀ፤ ቀን መቁጠሪያው ግን ከግድግዳው አልወረደም። ባዬ ሥዕሎቹን ሲያይ ከርሞ፣ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር በስልኩ እየፈለገ ስሙን አገኘው፤ ቦንሳይ። ትልቅ መሆን የሚችል ዛፍ በእፍኝ አፈር ላይ ትተክልና እየከረከምክ፣ ቅርንጫፉን በሽቦ እየጠመዘዝክ ታኖረዋለህ። ሳይሞት፣ ሳያድግ፣ ትንሽ እንደሆነ ያረጃል። ባዬ ከካብ ስንጥቅ ውስጥ ጥዷን ነቅሎ አመጣ፤ ወይራና ሾላ ተከተሉ። ሽቦውን ከተቃጠለ ሞተር እየፈታ ይወስዳል።

በ2008 ዓ.ም. ከተማው ውስጥ ባዛር ሲዘጋጅ ጥዷን በነጠላ ጠቅልሎ ይዟት ሄደ። አስተናጋጆቹ ከችግኞቹ መካከል አስቀመጧት። እኛ አገር ደግሞ ዛፍ የሚለካው በከሰል ነው፤ ለከሰል ብሎ ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ አዳጊ ግራር ያልተከለ ሰው የለም። አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ አያትና፣ "ስንት ጆንያ ይወጣታል?" አለ።

"ለከሰል አይደለችም፤ ለማየት ነው" አለ ባዬ።

"አየኋት እኮ። ከዚያስ?"

አንዲት ሴትዮ ደግሞ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ "ምስኪን! ምን ያህል ቢያስርቧት ነው እንዲህ የቀጨጨችው?" አለችና ለናሙና ከቀረበው ማዳበሪያ ዘግና አለበሰቻት። ባዬ ማዳበሪያውን በሻይ ማንኪያ ሲለቅም ዋለ። ለምርጥ ተክል የተዘጋጀውን ሽልማት አንድ ጥቅል ጎመን ወሰደው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። ባዬ ግን ጥፋቱ የቦታው ነው ብሎ ደመደመ፤ ከጎመን ጎን የተቀመጠችን ጥድ ማን ያያታል? ስለዚህ ጓሮው ውስጥ የጃፓን ዓይነት የአትክልት ቦታ ሊሠራ ተነሣ። በዚያ ጓሮ ሚስቱ፣ የወርቅውሃ፣ ድንች ታመርትበት ነበር። ድንቹ ተነቀለና ጠጠር ፈሰሰበት፤ ጥቋቁር ድንጋዮች ቆሙ፤ ላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ተቆፈረ። ዶሮ በአንድ ዝላይ ለምታልፈው ኩሬ የቀርከሃ ድልድይ ተሠራለት! ጠጠሩን በመንሽ እያበጠረ መስመር ያወጣለታል፤ ሳይለቀም የቀረ ድንች ደግሞ ከመስመሩ መሃል ብቅ ይላል። የወርቅውሃ ይህን ሁሉ ችላለች።

ያልቻለችው የብሳናውን ነገር ነው። በራቸው ላይ የቆመው ትልቅ ብሳና የባዬ ይሁን እንጂ፣ እኛ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የተጣላ የምናስታርቀው ከሥሩ ተቀምጠን ነበር። በእኛ ዘንድ እርቅ ከአንደኛው ወገን ጣሪያ ሥር አይደረግም። ባዬ፣ "ብርሃን ከለከለብኝ፤ ቅጠሉም ጠጠሬን አበላሸብኝ" ብሎ ቆረጠው። የወርቅውሃ ከገበያ ስትመለስ ጉቶውን አየች። ልብሷን ጠቅልላ ጥሊሊ ከተማ እህቷ ዘንድ ሄደች። ጓሮው ካልፈረሰ አልመለስም የሚል መልእክት ላከች።

ባዬ ያን ሰሞን የሰው ጆሮ ሊቆርጥ ምንም አልቀረውም። ሚስቱን ይወዳታል፤ ጓሮውንም ይወዳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር ግን አቃተው። በመጨረሻ ሽማግሌ ለመነ፤ ሰብሳቢያችንን ጋሽ አስማረን፣ ቄስ ወገኔንና እኔን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። የወርቅውሃም ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ በሚኒባስ መጣች። ጋሽ አስማረ ጉቶው አጠገብ ቆመው በአገውኛ ሲያጉረመርሙ ቆዩና፣ "ያለ ዛፍ አልቀመጥም! አባቴም ያለ ዛፍ አላስታረቁም" አሉ።

"ጋሼ፣ ከቤት ይግቡ" አለ ባዬ።

"በአንተ ጣሪያ ሥር ሆኜ ላንተ ላዳላ? ዛፍ አምጣ!"

አመጣ። ጥዷን ከነጣባዋ ተሸክሞ አጥሩ ካብ ላይ አስቀመጣት፤ አግዳሚ ወንበሩንም ከሥሯ አደረገልን። ቄስ ወገኔ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ደበቁ። ለጋሽ አስማረ ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ተቀመጡ። የጥዷ ጥላ የበቃው ለአፍንጫቸው ብቻ ነው። የእኔ ራሰ በራ ሲጠበስ እሳቸው ፀሐይ በዞረች ቁጥር ጥላዋን ተከትለው ፈቀቅ እያሉ ከወንበሩ ጫፍ ሊጥሉኝ ደረሱ።

"በይ ተናገሪ ልጄ" አሏት።

"ድንቹን ትቼለታለሁ" አለች የወርቅውሃ። "ብሳናውንም ሰፈሩ ይጠይቀው። እኔ ግን ጋሼ... ይቺን ጣባ ፀሐይ በሁሉም ጎኗ እንድታገኛት ጧት ማታ ያዞራታል። አንዲት ቅጠል ብታወጣ ያውቃል። እኔ እዚሁ ቤት ሳለሁ ፀጉሬን ከተቆረጥኩ ወር አለፈኝ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አላየም!"

ነጠላዋን ገፈፈችው። እውነትም አጭር ነው። ለጎረቤቴ ላዳላለት አስቤ የነበረው ሁሉ ጠፋ።

ጋሽ አስማረ ባዬ ሌላ ብሳና በሩ ላይ እንዲተክልና ዕድሜውን ሙሉ መቀስ እንዳያስጠጋው ፈረዱ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "ጓሮው ይፍረስ ካልሽ ዛሬውኑ ይፈርሳል።"

ባዬ ተነሣ። መቀሱን ከኪሱ አውጥቶ ለየወርቅውሃ ሰጣት። ያን መቀስ ለማንም አስነክቶ አያውቅም።

"አንቺ ቁረጫት" አላት። "ከግንዷም ብትይ አልናገርሽም።"

የወርቅውሃ መቀሱን ከፍታ ወደ ጥዷ ሄደች። ዓይኔን ጨፈንኩ። የመቀሱን ድምፅ ሰምቼ ስገልጥ የወደቀችው አንዲት ጭራሮ ብቻ ናት። የወርቅውሃ ራቅ ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያለች።

"ይቺኛዋስ ለምን ወደ ውስጥ ታድጋለች?"

"እሷንማ ልቆርጣት ፈልጌ አልደፈርኩም" አለ ባዬ ቀስ ብሎ።

"ፈሪ!" አለችና ቆረጠቻት። ጣባዋን ትንሽ አዞረች።

"እስቲ ከዚህ በኩል እያት..."

"ዝም በል፤ እያየሁ ነው።"

እኛን ዞሮ የሚያይ ጠፋ። ጋሽ አስማረ ከወንበሩ ተነሥተው አጠገባቸው ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ታርቃችኋል ወይስ አልታረቃችሁም?"

የወርቅውሃ ቀና እንኳ አላለችም።

"ጋሼ፣ ብርሃን ከለከሉን፤ ትንሽ ዞር ይበሉልን።"